ስንራመድ እጅና እግራችን እንዴት ይናበባሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢያቸው ያሉ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና የጤና ተማሪዎች ስለ እጅና እግር ቅንጅት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

ስንራመድ እጃችን ለምን ይወዛወዛል?

ቀኝ እግር ወደ ፊት ሲሰነዘር ግራ እጅ አብሮት ይወጣል፤ ግራ እግር ሲሰነዘር ደግሞ ቀኝ እጅ። እግር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ዳሌን ይዞ ስለሚዞር ሰውነታችን የመጠምዘዝ ዝንባሌ ያድርበታል። የተቃራኒው እጅ ወደ ፊት መውጣት ይህን መጠምዘዝ ስለሚያካክስ ደረታችንና ፊታችን ወደምንሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብለው ይቆያሉ፤ መሬት የረገጠው እግርም የሚያዞረውን ኃይል ለብቻው ከመሸከም ይድናል።

የእጅ መወዛወዝ ከፊሉ ከራሱ ከእጁ ክብደትና ከትከሻ መዞር የሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ እጅ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ነገር አይደለም። የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ትከሻ ላይ ሲደረግ፣ ጡንቻዎቹ በየእርምጃው የየራሳቸውን ሰዓት ጠብቀው እንደሚኮማተሩና እንደሚላሉ ይታያል። የሚገርመው፣ እጅ ከሰውነት ጋር ታስሮ እንዳይንቀሳቀስ ሲደረግ እንኳ እነዚያ ጡንቻዎች የእርምጃውን ምት ተከትለው መሥራታቸውን አያቆሙም። ትእዛዙ ከውስጥ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ዱላ በትከሻ አጋድሞ ወይም ጀሪካን አዝሎ መሄድ የሚያደክመው እጅ ስለማይወዛወዝ ነው?

በከፊል ነው። የወሎ ገበሬ ገበያ ሲወርድ ዱላውን በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ያጋድምና እጆቹን ከላዩ ላይ ጣል ያደርጋቸዋል። ይህን ሰው ከኋላው ሆኖ ልብ ብሎ ላየው፣ እጆቹ ለብቻቸው አይወዛወዙም፤ በምትኩ የዱላው ጫፎች በየእርምጃው እየተፈራረቁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላሉ። ትከሻው በሙሉ ከዳሌው በተቃራኒ እየዞረ ነው ማለት ነው። ሥራው አልቀረም፤ ከእጅ ወደ ደረትና ትከሻ ተዛወረ እንጂ። ጀሪካን በገመድ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ሴት ግን ገመዱን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣ ስለምትይዝ፣ ሸክሙም ጀርባዋን ስለሚያጎብጠው፣ እጇም ትከሻዋም እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም፤ እርምጃዋም ያጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሸክም የሌለባቸው ሰዎች እጃቸውን ሆን ብለው ከጎናቸው ሳያወዛውዙ ሲራመዱ የሚያወጡት ኃይል በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ የጀሪካኑ ድካም በዋናነት የውኃው ክብደትና የዳገቱ ነው፤ የእጁም ድርሻ ግን ቸል የሚባል አይደለም።

እጅና እግርን በምት የሚያንቀሳቅሰው አንጎል ነው?

አንጎል ጉዞውን ያስጀምራል፣ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ያስቆማል፤ ድንጋይ ሲያይ እግርን ከፍ ያስደርጋል። «አሁን የባት ጡንቻ ይኮማተር፣ አሁን የጭን ጡንቻ ይላላ» እያለ በየቅጽበቱ የሚያዝዘው ግን እሱ አይደለም። ይህን ዝርዝር የሚያከናውኑት በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት አውታሮች ናቸው። እነዚህ አውታሮች የሚተጣጠፍና የሚዘረጋ እንቅስቃሴን እያፈራረቁ የሚያመነጩ በመሆናቸው የምት አመንጪዎች ይባላሉ።

ስለዚህም ነው ከጓደኛ ጋር ወግ ይዘን የደሴን ዳገት ስንወጣ ስለ እግራችን የማናስበው። አንጎል ለወጉ ነፃ የሆነው የእርምጃው ዝርዝር ከታች ስለሚከናወን ነው።

ሕብለ ሰረሰር ይህን ለብቻው መሥራት እንደሚችል እንዴት ታወቀ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሰፊ ተቀባይነት የነበረው አስተሳሰብ፣ መራመድ ማለት እርስ በርሳቸው የሚቀሰቀሱ የሪፍሌክሶች (ሳናስብ የሚመጡ የሰውነት ምላሾች) ሰንሰለት ነው የሚል ነበር፤ እግር መሬት ሲነካ ስሜቱ ቀጣዩን እንቅስቃሴ ይቀሰቅሳል፣ ያም የሚቀጥለውን። እ.ኤ.አ. በ1911 ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ተመራማሪ ይህን በድመት ላይ ፈተነው። ከአንጎል የሚወርደውን መስመር ቆረጠ፤ ከእግር ስሜት የሚያመጡትንም ነርቮች ቆረጠ። እንደ ሰንሰለቱ አስተሳሰብ ከሆነ ምንም እንቅስቃሴ ሊኖር ባልተገባ ነበር። ነገር ግን የቁርጭምጭሚት ጡንቻዎች እየተፈራረቁ በምት መኮማተራቸውን ቀጠሉ። እርሱ ያቀረበው ማብራሪያ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ዝም የሚያሰኝ፣ ሲደክም ደግሞ ተራውን የሚለቅ የሁለት ግማሽ ማዕከላት ጥምረት አለ የሚል ነበር። ግኝቱ ተገቢውን ትኩረት ያገኘው ከግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ በኋላ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የሞስኮ ተመራማሪዎች የላይኛው አንጎሏ በተለየ ድመት ላይ አንጎልን ከሕብለ ሰረሰር የሚያገናኘውን የአንጎል ግንድ አንድ ቦታ በደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ቀሰቀሱ። ድመቷ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ መራመድ ጀመረች። ኃይሉን ከፍ ሲያደርጉት እርምጃው ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ግልቢያ ተለወጠ። ከላይ የመጣው አንድ ቀላል ምልክት «ፍጠኚ» ከማለት ያለፈ ነገር አልያዘም፤ አራቱን እግሮች ከአንዱ አካሄድ ወደ ሌላው ያሸጋገራቸው የሕብለ ሰረሰሩ አውታር ነው።

የእጅ አውታርና የእግር አውታር በምን ይገናኛሉ?

ሕብለ ሰረሰር ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት የለውም። ሁለት ቦታ ላይ ወፈር ይላል፤ አንዱ የእጅ ነርቮች በሚወጡበት በአንገት አካባቢ፣ ሌላው የእግር ነርቮች በሚነሡበት በታችኛው ክፍል። የእጅና የእግር ምት አመንጪዎች በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ይገኛሉ። በመካከላቸው ከላይ ወደ ታች ከታችም ወደ ላይ የሚሄዱ ረጃጅም የነርቭ ጭራዎች ስላሉ አንዱ የሌላውን ምት ሳይሰማ አይሠራም። ቀኝና ግራን ደግሞ ወገን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር ሕዋሳት ያገናኟቸዋል። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች፣ እያንዳንዱ የራሱ እርምጃ ቢኖረውም ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም።

ይህ ትስስር በሰው ላይም በሪፍሌክስ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ ሰዎች እየተራመዱ ሳለ በቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ የሁለቱም እጆቻቸው ጡንቻዎች ምላሽ ሰጡ። ቆመው ወይም ተቀምጠው ሳለ ያው ነርቭ ሲነካ ግን የእጅ ጡንቻዎች ምላሽ አልታየም። በሌላ አነጋገር፣ በእጅና በእግር መካከል ያለው በር በጉዞ ጊዜ ይከፈታል፣ ስንቆም ይዘጋል። ኮረብታ ለኮረብታ ስንሄድ ጠጠር አንሸራትቶን እጃችን ሳናስብ የሚዘረጋውም በዚሁ የተነሣ ነው።

ባቲ ገበያ ላይ የማያቸው ግመሎች ለምን እንደ በቅሎ አይሄዱም?

ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ዳር ለቆመ ሰው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በቅሎ ሶምሶማ ስትል የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሯ አብረው ይነሣሉ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ ሁለቱ። ግመል ፈጠን ሲል ግን የቀኝ ወገን ሁለት እግሮች አንድ ላይ፣ ከዚያም የግራ ወገን ሁለቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ጀርባው ላይ የተቀመጠ ሰው ከወገን ወደ ወገን የሚናጠው ለዚህ ነው። እግሮቹ ረጃጅም በመሆናቸው፣ የፊትና የኋላው በአንድ ወገን አብረው ሲሄዱ እርስ በርሳቸው አይጋጩም።

የእግር ቅደም ተከተል በሕብለ ሰረሰር ሕዋሳት እንደሚወሰን የሚያሳዩ የዘረመል ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊድን ተመራማሪዎች የአይስላንድ ፈረሶች በአንድ ወገን የመሄድ ችሎታቸው ዲኤምአርቲ3 ከተባለ ጂን ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አገኙ፤ ይህ ጂን የሚሠራው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቀኝና ግራን የሚያፈራርቁ የተወሰኑ ሕዋሳት የጠፉባቸው አይጦች መራመድ ትተው ቀኝና ግራ እግራቸውን አንድ ላይ እያነሱ እንደ ጥንቸል መዝለል ጀመሩ። ይህ ግኝት የፈረስና የአይጥ ነው፤ ለግመል አካሄድ ያው ጂን ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ሕፃናት ይህን ቅንጅት ይዘውት ይወለዳሉ ወይስ ይማሩታል?

መነሻውን ይዘው ይወለዳሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ተይዞ እግሩ ጠንካራ ነገር ቢነካ የመርገጥ እንቅስቃሴ ያደርጋል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይህ ይጠፋል፤ ወላጆችም ይደነግጣሉ። አውታሩ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረገ ሙከራ መርገጥ ያቆሙ ሕፃናት እግራቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ረገጡ፤ ያቆሙት እግራቸው በስብ ከብዶ ጡንቻቸው ስላልቻለው ነበር።

ሲድሁ ተቃራኒ እጅና ጉልበት አብረው ሲሄዱ ይታያል። ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው ክርናቸውን አጥፈው ይሄዳሉ፤ ይህ ሚዛን ለመጠበቅ የሚደረግ ነው። አረማመዳቸው ሲጸና እጃቸው ይወርድና ከእግር ጋር መወዛወዝ ይጀምራል።

አረቄ የጠጣ ሰው ለምን ይንገዳገዳል?

አልኮል ከራስ ቅል በስተኋላ የሚገኘውን ትንሹን አንጎል ያደነዝዘዋል። ይህ ክፍል የታሰበውን እርምጃ ከተደረገው ጋር እያስተያየ የሚያርም ስለሆነ፣ ሲደነዝዝ ምቱ ቢቀጥልም እርማቱ ይዘገያል።

ከስትሮክ በኋላ እጅ ታጥፎ የሚቀረው፣ እግርም የሚጎተተው ለምንድን ነው? እጅን ማሠራት እግርን ይረዳል?

ስትሮክ የሚመታው አንጎልን ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩ እንዳለ ይቆያል። ከላይ የሚወርደው ትእዛዝና ልጓም ሲላላ የእጅ ማጠፊያ ጡንቻዎች እየጠነከሩ ክርንና ጣቶችን ያጥፋሉ፤ የእግሩ መዘርጊያ ጡንቻዎች ደግሞ ጉልበቱን ቀጥ ያደርጉታል። ታማሚው ጉልበቱን ማጠፍ ስለሚቸግረው እግሩን ወደ ጎን ክብ እያዞረ ይጥለዋል። ይህ መገተር ከበሽታው ጋር የሚመጣ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ አስታማሚዎች «ጠንከር በል» እያሉ ሲጨቀጭቁ ማየት የተለመደ ቢሆንም ጭቅጭቁ ጡንቻውን የበለጠ ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

የእጅና የእግር አውታሮች ስለሚገናኙ፣ እጅን በምት ማንቀሳቀስ የእግርን ሪፍሌክስ እንደሚለውጥ በጤነኛም በታማሚም ላይ ታይቷል። በእጅ የሚሽከረከር ፔዳል ለሳምንታት የተለማመዱ፣ ስትሮክ ካጋጠማቸው የቆዩ ታማሚዎች፣ እግራቸው ባይሠለጥንም በአካሄዳቸው ላይ መሻሻል የታየበት አነስተኛ ጥናት አለ። ስለዚህ በእኔ እምነት፣ የማይሠራውን እጅ በነጠላ አስሮ እግርን ብቻ ማለማመድ ግማሽ ሥራ ነው። የትከሻው መጋጠሚያ ወልቆ ወይም ሕመም ኖሮበት የማሰሪያው ጥቅም የሚያመዝንበት ጊዜ ስላለ ግን፣ መቼ መታሰር እንዳለበት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይወስን።

ምርኩዝ በየትኛው እጅ ይያዝ?

ከታመመው ወይም ከደከመው እግር በተቃራኒው እጅ ይያዝ፤ ቀኝ ጉልበቱ የታመመበት ሰው በግራ እጁ። ብዙ ሰው ምርኩዙን በታመመው ወገን ይይዝና ወደዚያው ይዘምማል፤ ይህም ሸክሙን በታመመው እግር ላይ ይጨምራል።

በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ይህ በተፈጥሮ ያለው ቅንጅት ስለሆነ ለመልመድ አያስቸግርም፤ የዳሌ ጡንቻዎችንም ሸክም ያቀልላል። የግሸን ማርያምን አቀበት በመስከረም 21 በከዘራ የሚወጡ አረጋውያንን ብንመለከት፣ ብዙዎቹ ማንም ሳያስተምራቸው በዚሁ መንገድ ሲጠቀሙበት እናያለን።

አባቴ ሲራመዱ ቀኝ እጃቸው አይወዛወዝም፤ ምን ይሆናል?

በአንድ ወገን ብቻ የቀነሰ መወዛወዝ ከፓርኪንሰን በሽታ ቀደምት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመንቀጥቀጥ ጋር፣ አንዳንዴም ከመንቀጥቀጥ በፊት ይታያል። በዚህ በሽታ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ስለሚያንሱ፣ ሳናስብ የሚከናወኑ እንቅስቃሴዎች ቀድመው ይደበዝዛሉ። ሰውየው «እጅዎን ያወዛውዙ» ሲባሉ ማድረግ መቻላቸው፣ ሲረሱት ግን እጁ ተመልሶ ዝም ማለቱ፣ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል።

ያም ሆኖ የትከሻ መጋጠሚያ መድረቅ፣ የቆየ ስብራት ወይም ቀላል ስትሮክም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል። እጅ በድንገት ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ጉዳዩ የሰዓታት ስለሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የመንዙማ ድቤ ወይም ከበሮ አካሄድን ያስተካክላል?

ለተወሰኑ ሰዎች፣ አዎ። በፓርኪንሰን የታመመ ሰው እግሩ ከመሬት የተጣበቀ ሲመስለው፣ እኩል የሚመታ ድምፅ ሲሰማ እርምጃው ሊከፈትለት እንደሚችል በብዙ ጥናት ታይቷል። የተለመደው ማብራሪያ፣ ምቱን ከውስጥ የሚያመነጨው የአንጎል ክፍል ሲደክም ከውጭ የመጣው ድምፅ በሌላ መንገድ ወደ እንቅስቃሴ ማዕከላት ይደርሳል የሚል ነው።

በመንዙማ ላይ ድቤው ሲመታ ጭብጨባውና የሰውነት መወዛወዙ ሳይታዘዝ እኩል ሲገጥም የሚታየው፣ የመስማትና የእንቅስቃሴ አካላት ምን ያህል እንደተሳሰሩ ነው። ለልምምድ የሚመረጠው ግን ፍጥነቱ ከሰውየው ተፈጥሯዊ እርምጃ ጋር የሚቀራረብና የማይለዋወጥ ምት ነው፤ እየፈጠነ የሚሄድ ምት ታማሚውን ሊጥለው ይችላል።

ቀኝ እግሬን ወደ ቀኝ እያዞርኩ በቀኝ እጄ ወደ ግራ ክብ ለመሥራት ስሞክር እግሬ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ለምን?

ተቀምጠው ይሞክሩት፤ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ይሳሳታል። በአንድ ወገን ያሉ እጅና እግር በአንድ አቅጣጫ ሲንቀሳቀሱ ቅንጅቱ ይጸናል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲንቀሳቀሱ ይናጋል። ፍጥነቱን ሲጨምሩት ደግሞ ወደ ጸናው ይገለበጣል። ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር ሲሆን ግን ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል።

ተመሳሳይ ነገር በሁለት አመልካች ጣቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጠንቷል። ጣቶቹ አንዱ ሲታጠፍ ሌላው እየተዘረጋ በተቃራኒ ምት ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ሰውየው ሳይፈልግ ሁለቱም አብረው መታጠፍና መዘርጋት ይጀምራሉ። የነርቭ ሥርዓት የሚችላቸው ቅንጅቶች ብዙ ቢሆኑም፣ በፍጥነት ጊዜ የሚቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው።

ቀብር ስሸኝ በጣም ቀስ ብዬ ስሄድ እጆቼ ሌላ ምት ይይዛሉ፤ ችግር ነው?

ችግር አይደለም። እርምጃው በጣም ሲዘገይ፣ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች ላይ ሁለቱ እጆች እየተፈራረቁ መወዛወዛቸውን ትተው በእያንዳንዱ እርምጃ አብረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላሉ። ከትከሻ የተንጠለጠለ እጅ በርዝመቱና በክብደቱ የሚወሰን የራሱ ምት ስላለው፣ የአንድ እግር ዙር (ማለትም የሁለት እርምጃ) ፍጥነት ከዚያ ምት እጅግ ሲያንስ፣ እጁ ዙሩን ትቶ በእጥፍ የሚበዛውን የእርምጃ ቁጥር መከተል ይቀለዋል። ፈጠን ሲሉ ወደ ተለመደው ፍርርቅ ይመለሳል።

የሰው ሕብለ ሰረሰር በእርግጥ እንደ ድመቷ ለብቻው መራመድ ይችላል?

ለብቻው ሰውን ማራመድ አይችልም፤ የምቱ አውታር ግን እንዳለ የሚያመለክቱ ጠንካራ ምልክቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት፣ ሕብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ በተጎዳ ሰዎች ላይ የታችኛው ክፍል በተከታታይ ኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ፣ ተኝተው ሳሉ የእግር ጡንቻዎቻቸው የእርምጃን የመሰለ ፍርርቅ እንዳሳዩ ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በተለያዩ ተመራማሪዎች ዘንድ፣ በአደጋ እግራቸው ሽባ የሆኑ ጥቂት ሰዎች በተተከለ ቀስቃሽ መሣሪያና በረጅም ልምምድ ድጋፍ ይዘው ተራመዱ።

ከድመት ይልቅ ሰው በሁለት እግሩ ሚዛኑን መጠበቅ ስላለበት በአንጎሉ ላይ የበለጠ ይደገፋል። እጁም ዕቃ ለመያዝና ለመሥራት ነፃ ስለወጣ፣ አንጎል እጅን ከምቱ ነጥሎ የማዘዝ ሥልጣኑ ትልቅ ነው፤ እየተራመድን ስልክ ጆሯችን ላይ ስናደርግ አንዱ እጅ ከምቱ ይወጣል፣ ሌላው ግን ከተቃራኒው እግር ጋር ይቀጥላል። አከራካሪ ሆኖ የቀረው የአውታሩ መኖር ሳይሆን፣ በጤነኛ ሰው አረማመድ ውስጥ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ድርሻ እያንዳንዱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።